ከሌብሉ እስከ በረቱ፦ የከብት ነጋዴ ስለ አደገኛ ኬሚካሎች ማወቅ ያለበት ቃልና ሕግ

የዚህ እትም ትምህርት የተዘጋጀው ጁባ ካስተምን መነሻም መድረሻም አድርገው ለሚሠሩ የከብት፣ የበግና የፍየል ነጋዴዎች ነው። ከቴረከካ፣ ከካፖኤታ ወይም በኒሙሌ በኩል ከኡጋንዳ የሚመጣ ከብት በመንገዱ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ኬሚካል ይነካዋል። መዥገር ሲበዛበት ይረጫል፣ ሲታመም ይወጋል፣ የተጫነበት መኪና በበረኪና ይታጠባል፣ መኖው ደግሞ በነቀዝ ክኒን የታከመ ሊሆን ይችላል። ነጋዴው ግን ከእነዚህ የብዙዎቹን ስም እንኳ በትክክል አያውቅም። «የመዥገር መድኃኒት»፣ «የነቀዝ መድኃኒት»፣ «ነጩ ውኃ» እየተባለ ይገዛል፣ ይሸጣል።

ስም አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ረጪው ሲመረዝ ሐኪሙ የሚሰጠው መድኃኒት እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ይለያያል። ሥጋው ላይ ቅሪት ከተገኘ ገዢው ይመልሳል። ጭነቱ ያለ ሰነድ ከተያዘ ደግሞ ኬላ ላይ ይቆማል፣ ከብቱም እዚያው ይከሳል። ስለዚህ ትምህርቱ ከቃላቱ ተነሥቶ ወደ ሌብሉ፣ ወደ ሕጉ፣ በመጨረሻም ወደ በረቱ ይሄዳል።

1. መሠረታዊ ቃላት

አደጋ እና ስጋት፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አደጋ ኬሚካሉ በተፈጥሮው የያዘው ጎጂነት ነው። ስጋት ደግሞ ያ ጎጂነት ሰው ወይም እንስሳ ላይ የመድረስ ዕድሉ ነው። ክዳኑ ያልተከፈተ፣ በተቆለፈ ሳጥን የተቀመጠ የዲያዚኖን ጠርሙስ አደጋው ትልቅ ነው፤ ስጋቱ ግን ትንሽ ነው። ያው ዲያዚኖን በሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ከመጠጥ ውኃ ጎን ሲቀመጥ አደጋው ያው ሆኖ ስጋቱ እጅግ ይጨምራል። የደህንነት ሥራ ሁሉ ስጋትን መቀነስ ነው።

ተጋላጭነት፦ ኬሚካሉ ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድና መጠን ነው። መንገዶቹ ሦስት ናቸው፦ ቆዳ፣ ትንፋሽና አፍ። ለከብት ረጪ ዋናው መንገድ ቆዳ ነው። የጁባ ሙቀት በየካቲትና በመጋቢት ሲበረታ በሙቀትና በላብ ምክንያት ኬሚካሉ በቆዳ ይበልጥ ይሰርጋል። ረጪዎች ጠዋት በማለዳ እንዲረጩ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ንቁ ንጥረ ነገር፦ በጠርሙሱ ውስጥ ተባዩን የሚገድለው ክፍል ነው። የንግድ ስሙ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ ንቁ ንጥረ ነገሩ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ነጋዴው በቃሉ መያዝ ያለበት የንግድ ስሙን ሳይሆን ይህንን ነው። በመዥገር መድኃኒት ላይ በብዛት የሚታዩት ሦስት ናቸው፦

ዲያዚኖን ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ነርቭን የሚቆጣጠር ኢንዛይም ያግዳል። ምልክቱ ምራቅ መብዛት፣ እንባ፣ ላብ፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መርገብገብና የትንፋሽ ማጠር ነው። ሐኪም አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ይሰጥበታል።

አሚትራዝ ከሌላ ቤተሰብ ነው። ምልክቱ ድብታ፣ የልብ ምት መዘግየትና የሰውነት ሙቀት መውረድ ነው። ሕክምናውም ከኦርጋኖፎስፌት የተለየ ነው። አሚትራዝ ለፈረስ አይደረግም፤ አንጀቱን ያቆመዋል። አህያም የፈረስ ዘመድ በመሆኑ ከብት የተረጨበትን ቅሪት አህያ ላይ መጨረስ እንስሳውን ሊገድል ይችላል።

ሳይፐርሜትሪን ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። በቆዳ ላይ የማቃጠልና የመንዘር ስሜት ያመጣል። ለዓሣ እጅግ መርዛማ ስለሆነ እጣቢው ወደ ነጭ ዓባይም ሆነ ወደ ማንኛውም ጅረት መፍሰስ የለበትም።

ቅሪት፦ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በሥጋ፣ በወተት ወይም በጉበት ውስጥ የሚቀረው መጠን ነው። ኮዴክስ አሊመንታሪየስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለብዙ መድኃኒቶች ከፍተኛውን የተፈቀደ የቅሪት መጠን ወስኗል።

የመታቀቢያ ጊዜ፦ መድኃኒቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ እንስሳው ለዕርድ ወይም ወተቱ ለሽያጭ እስኪፈቀድ ድረስ የሚቆየው ጊዜ ነው። ለነጋዴ ከቃላቱ ሁሉ በቀጥታ ወደ ኪሱ የሚገባው ይህ ነው፤ ከዚህ በታች በክፍል 5 ተብራርቷል።

2. ሌብሉን ማንበብ

የተባበሩት መንግሥታት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዓለም አቀፍ የኬሚካል መለያ ሥርዓት መሠረት በትክክል የተዘጋጀ ሌብል ላይ ስድስት ነገሮች ይገኛሉ፦ የምርቱ መለያ ስም፣ የማስጠንቀቂያ ቃል፣ የአደጋ ምልክት ሥዕል፣ የአደጋው መግለጫ፣ የጥንቃቄ መመሪያ፣ የአምራቹ ወይም የአስመጪው ስምና አድራሻ።

የማስጠንቀቂያ ቃላቱ ሁለት ብቻ ናቸው። «አደጋ» የሚለው ከባድ ጉዳት ለሚያደርስ፣ «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቀለል ላለ ነው። የአደጋ ሥዕሎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉም በቀይ ክፈፍ ባለው ነጭ ሰያፍ አራት ማዕዘን ውስጥ ይሳላሉ። ለከብት ነጋዴ ቅርብ የሆኑት እነዚህ ናቸው፦ የራስ ቅልና አጥንት (በጥቂቱም የሚገድል መርዝ)፣ ነበልባል (ተቀጣጣይ)፣ እጅንና ብረትን የሚበላ ፈሳሽ (የሚያቆስልና የሚያዝግ)፣ የሞተ ዛፍና ዓሣ (ለውኃ ሕይወት ጎጂ)።

በፀረ ተባይ ጠርሙስ ግርጌ ደግሞ የቀለም መስመር አለ። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ መሠረት ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ቀላል፣ አረንጓዴ ደግሞ በመደበኛ አጠቃቀም ብዙም የማያሰጋ ነው። ማንበብ የማይችል ረጪ እንኳ ቀለሙን ይለያል። ቀይ መስመር ያለው ምርት ለሠለጠነ ሰው ካልሆነ አይሰጥም።

ሌብል የሌለው ጠርሙስ ሕጋዊ ዋጋ የለውም። ከትልቅ ጀሪካን እየተቀዳ በሃይላንድ የሚሸጥ ፈሳሽ ነጭም ሆነ ቢጫ ቢሆን ምን እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ዋጋው ረክሶ ቢታይም ገዢው ከኬሚካሉ ጋር መጠኑን፣ የመታቀቢያ ጊዜውንና የመርዙን ሕክምና አብሮ አይገዛም።

የመጠን ስሌት፦ ሌብሉ ላይ «አሚትራዝ 12.5 በመቶ» የሚል ካለ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 12.5 ግራም ንቁ ንጥረ ነገር አለ ማለት ነው። ሌብሉ በአንድ ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ሊትር ካዘዘ ለ20 ሊትር መርጫ 40 ሚሊ ሊትር፣ ለ16 ሊትር መርጫ 32 ሚሊ ሊትር ይገባል። በዚህ ውኃ ውስጥ ያለው አሚትራዝ 0.025 በመቶ ነው። ቁጥሩ ከምርት ምርት ስለሚለያይ ሁልጊዜ የሚከበረው በእጅ ያለው ሌብል ነው። መለኪያውም የሚሊ ሊትር ምልክት ያለው ኩባያ ወይም ሲሪንጅ እንጂ የጠርሙስ ክዳን አይደለም፤ የክዳኖች መጠን ይለያያል። መጠን ሲያንስ መዥገሩ ሳይሞት ይለምደዋል፤ ሲበዛ ደግሞ ከብቱና ረጪው ይመረዛሉ።

የኬሚካል ደህንነት መረጃ ሰነድ፦ ሌብሉ አጭር ነው፤ ይህ ሰነድ ረጅሙ ነው። 16 ክፍሎች አሉት፤ ክፍል 4 የመጀመሪያ እርዳታ፣ ክፍል 7 አያያዝና ማከማቸት፣ ክፍል 8 የመከላከያ አልባሳት፣ ክፍል 14 የትራንስፖርት መረጃ ነው። አስመጪው በጠየቁት ጊዜ ሊሰጥ ይገባል። ከሹፌሩ ጋር አንድ ቅጂ መጓዝ አለበት።

3. በጭነት መኪና ላይ

አደገኛ ዕቃ ሲጓጓዝ ዩኤን ቁጥር የሚባል ባለ አራት አኃዝ መለያ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከቋንቋ በላይ ስለሆነ በኒሙሌም ሆነ በሞያሌ አንድ ነው። ቤንዚን ዩኤን 1203፣ ናፍጣ ዩኤን 1202፣ በረኪና ዩኤን 1791፣ የነቀዝ ክኒን የሆነው አልሙኒየም ፎስፋይድ ዩኤን 1397 ነው። ዕቃዎቹ በ9 ምድብ ይከፈላሉ፤ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ምድብ 3፣ መርዛማ ነገር ምድብ 6.1፣ የሚበላና የሚያዝግ ምድብ 8 ነው።

ለከብት ጫኝ ሦስት ደንቦች በቂ ናቸው። አንደኛ፣ መርዛማ ኬሚካል ከምግብ፣ ከመኖና ከመጠጥ ውኃ ጋር በአንድ ቦታ አይጫንም። ሁለተኛ፣ ጀሪካኑ ቀጥ ብሎ ይታሰራል እንጂ ከከብቱ እግር ሥር አይወሸቅም፤ አንድ በሬ ሲረግጠው መኪናው ሁሉ ይመረዛል። ሦስተኛ፣ በእንስሳትና በኬሚካል መካከል ሰው አይተኛም።

ይህ ሦስተኛው ደንብ በተለይ ስለ ነቀዝ ክኒን ነው። አልሙኒየም ፎስፋይድ ከአየር እርጥበት ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ሽታው እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ በሰበሰ ዓሣ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ሽታ ሳይሰማ ሊገድል ስለሚችል በአፍንጫ ላይ መታመን አይቻልም። ክኒኑ በከረጢት ውስጥ የገባበትን በቆሎ ወይም ፍሩሽካ ጭኖ ከላዩ ላይ መተኛት፣ ወይም ያ ጭነት በተቆለለበት ሱቅ ውስጥ ማደር ሰው ይገድላል። ውኃ ማፍሰስም ጋዙን ያፈጥነዋል እንጂ አያጠፋውም። በዚህ ክኒን የታከመ መኖ በደንብ ተናፍሶ ጋዙ እስኪጠፋ ድረስ ለከብት አይሰጥም።

ከብት ከወረደ በኋላ መኪናው ሲታጠብ በረኪና ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር አይቀላቀልም። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለው ጋዝ ይወጣል፤ ሽንት የተጠራቀመበት ወለልም አሞኒያ ስላለው መጀመሪያ እበቱና ሽንቱ በውኃ መታጠብ አለበት። የአፍና የእግር በሽታ ሲኖር የሚታዘዘው ኮስቲክ ሶዳ (በ2 በመቶ ሟሟ) ወይም ሶዲየም ካርቦኔት (በ4 በመቶ) ነው። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳንና ዓይንን ስለሚበላ ያለ ጓንትና መነጽር አይነካም፤ ሁልጊዜም ኬሚካሉ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ኬሚካሉ አይደለም።

4. ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ በኩል ነጋዴው ማወቅ ያለበት አራት አዋጆች አሉ።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፦ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ማስገባትና መሸጥ ይከለክላል። መነሻው የቆየ ችግር ነው፤ አገሪቱ ለዓመታት የተከማቹና ያረጁ ከሺህ ቶን በላይ ፀረ ተባዮችን ሰብስባ ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ ልካለች። በርካሽ የገባ ኬሚካል ማስወገጃው ውድ መሆኑን ያስተማረ ጉዳይ ነው።

የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004፦ የእንስሳት መድኃኒት ተመዝግቦ፣ ፈቃድ ባለው ሰው እጅ እንዲሸጥ ያዝዛል። ነጋዴው በእጁ ያለው ጠርሙስ የምዝገባ ቁጥር እንዳለው ከሻጩ መጠየቅ መብቱ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፦ አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው ማስተማር፣ የመከላከያ መሣሪያና አልባሳት መስጠት፣ የሥራ አደጋን መዝግቦ ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ደግሞ አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም። መርጫ የሚሸከም እረኛ ሲመረጥ ይህ ይታሰብ።

የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010፦ ባዶ የኬሚካል ዕቃና ያለፈበት መድኃኒት እንደ ማንኛውም ጥራጊ እንዳይጣል የሚያደርገው ሕግ ነው።

በደቡብ ሱዳን በኩል የ2017 የሥራ ሕግ አሠሪው ለሠራተኛው ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ እንዲያዘጋጅ ይጠይቃል። አገሪቱ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 182 አጽድቃለች፤ ይህ ስምምነት ጤናን የሚጎዳ ሥራን ለልጆች ይከለክላል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ መብቶች አንዱ አድርጎታል፤ አባል አገሮች በሙሉ ሊያከብሩት ይገባል።

ኬላ ላይ የጥራት ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በ2023 የደቡብ ሱዳን የደረጃዎች ቢሮ ከኡጋንዳ በቆሎና ዱቄት ጭነው የገቡ መኪኖችን በአፍላቶክሲን ምክንያት አስቁሞ ነበር። አፍላቶክሲን ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ነው እንጂ ሰው የጨመረው ኬሚካል አይደለም፤ ለነጋዴው ያለው ትምህርት ግን አንድ ነው። ሰነድ የሌለው ጭነት ሲጠረጠር ኪሳራው በባለ ጭነቱ ላይ ይወድቃል።

ከሁለቱ አገሮች ሕግ በላይ ሁለት ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ንግዱን ይነካሉ። የስቶክሆልም ስምምነት (2001) ለረጅም ጊዜ የማይበሰብሱ መርዞችን ይከለክላል ወይም ይገድባል፤ ዲዲቲ፣ ሊንዴንና ኢንዶሰልፋን በዝርዝሩ አሉ። የሮተርዳም ስምምነት (1998) ደግሞ አንዳንድ አደገኛ ኬሚካሎች ወደ አገር ከመግባታቸው በፊት የተቀባዩ አገር ፈቃድ እንዲጠየቅ ያደርጋል። «ድሮ ይሠራበት ነበር» የሚለው ምክንያት ሊንዴን ለያዘ ነጋዴ አያድነውም።

5. የመታቀቢያ ጊዜ ሂሳብ

እንበል አንድ ነጋዴ መጋቢት 3 ቀን (በፈረንጅ) አሥር በሬዎችን ገዝቶ፣ ትኩሳት ስላያቸው ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኦክሲቴትራሳይክሊን 20 በመቶ አስወጋቸው። ሌብሉ የመታቀቢያ ጊዜው 28 ቀን ነው ካለ፣ ለዕርድ የሚፈቀዱት ከመጋቢት 31 ጀምሮ ነው። በሬዎቹ መጋቢት 10 ጁባ ቢደርሱ 21 ቀን ይቀራቸዋል። ነጋዴው ሁለት ምርጫ አለው፦ እስከዚያ መግቦ ማቆየት፣ ወይም ለሚያደልብ ሰው የመርፌውን ቀን በጽሑፍ ነግሮ መሸጥ። ለቄራ በዚያ ሳምንት መሸጥ ግን ምርጫ አይደለም፤ ኪሳራው ከገዢው ወደ በላተኛው ይሻገራል።

አይቨርሜክቲን 1 በመቶ መርፌ በአሜሪካ ለሥጋ ከብት የሚሰጠው የመታቀቢያ ጊዜ 35 ቀን ነው፤ ወተት ለሰው ለምትታለብ ላምም አልተፈቀደም። እነዚህ ቁጥሮች ከአገር አገር፣ ከምርት ምርት ስለሚለያዩ ምሳሌ ናቸው። ሕግ የሚሆነው በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

መፍትሔው እንስሳውን ሳያክሙ መጫን አይደለም። ወደ ቄራ የሚሄድ ከብት ከታመመ የእንስሳት ሐኪሙ የመታቀቢያ ጊዜው አጭር የሆነ መድኃኒት እንዲመርጥ መጠየቅ ነው። ለእያንዳንዱ መንጋ አንድ ወረቀት ይበቃል፦ የመድኃኒቱ ንቁ ንጥረ ነገር፣ የተሰጠበት ቀን፣ የከብቱ ቀለምና ምልክት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የሰጪው ፊርማ። ይህ ወረቀት ከከብቱ ጋር ከገበያ ገበያ ይዞራል። ገዢውም መጠየቅ ሲለምድ የታማኝ ነጋዴ ከብት ዋጋ ያገኛል።

6. ሰው ሲመረዝ

መጀመሪያ የሚረዳው ሰው ራሱ ጓንት ያድርግ። የተጎጂው ልብስ ይወልቅ፣ ቆዳው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ዓይኑ ከተነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ጋዝ የተነፈሰ ሰው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ።

እንዲያስታውክ አይገደድም። ብዙ የፀረ መዥገር ምርቶች በዘይት መሰል ማሟሚያ የተዘጋጁ ስለሆኑ ሲያስታውክ ወደ ሳንባ ገብተው ይበልጥ ይጎዱታል። «መርዝ በወተት ይሰበራል» ተብሎ ወተት ማጠጣትም አይረዳም፤ ወደ ሐኪም የሚደርስበትን ጊዜ ብቻ ያባክናል።

ጠርሙሱ ከነሌብሉ አብሮ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ካስተም ለሚገኝ ሰው የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ሐኪሙ ኦርጋኖፎስፌት ነው ወይስ አሚትራዝ የሚለውን ከሌብሉ ይረዳል፤ ለአንዱ የሚሰጠው ለሌላው አይሰጥምና። ጠርሙሱ ሃይላንድ ከሆነ ግን ሐኪሙም እንደ ነጋዴው ይገምታል።

7. ባዶው ዕቃ

ባዶ ጀሪካን ሦስት ጊዜ በውኃ ይለቀለቃል፤ ልቅላቂው ወደ መርጫው ተጨምሮ በከብቱ ላይ ይረጫል። ከዚያ ጀሪካኑ ይበሳል፣ እንዳያገለግል ይደረጋል፣ ወደ ሻጩ ወይም ወደሚቀበል አካል ይመለሳል። ውኃ አይቀዳበትም፣ ወተት አይታለብበትም፣ በገበያ አይሸጥም፣ በሜዳም አይቃጠልም፤ ጭሱ ራሱ መርዝ ነው።

የማጠቃለያ ጥያቄዎች

1. አንድ ሻጭ «የመዥገር መድኃኒት» ብሎ በሃይላንድ ቢሸጥልህ የትኞቹ ሦስት ነገሮች ይጎድላሉ?
2. አሚትራዝ ከብት ላይ ተረጭቶ የተረፈው ለአህያ ለምን አይሆንም?
3. ለ16 ሊትር መርጫ፣ በሊትር 2 ሚሊ ሊትር ከታዘዘ ስንት ይገባል?
4. ፍሩሽካ በጫነ መኪና ላይ ተኝቶ መሄድ መቼ ይገድላል?

መልስ፦ 1. ንቁ ንጥረ ነገሩና መጠኑ፣ የመታቀቢያ ጊዜው፣ የመርዙ ሕክምና። 2. አሚትራዝ የፈረስ ዘመዶችን አንጀት ስለሚያቆም። 3. 32 ሚሊ ሊትር። 4. መኖው በአልሙኒየም ፎስፋይድ ታክሞ ጋዙ ሳይናፈስ ሲጫን።